ሊፍት ላይ ዘሞ የቆመ ዶልፊን፦ እንዴት ይውረድ? የተጎዳው ረዳትስ?

ካምቢዮ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለባለሙያዎች፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ጅማ ኮቺ አካባቢ ባለ ጋራዥ ባለሁለት ምሰሶ የመኪና ማንሻ (ሊፍት) ላይ ዶልፊን ሚኒባስ ተሰቅሏል። ሊፍቱ 4 ቶን የሚል ተጽፎበታል። መኪናው የተሰቀለው ካምቢዮ ለማውረድ ነበር፤ ገና አልተፈታም። መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ መኪናውን ለማውረድ ተሞከረና ግራው ጎን ወረደ፣ ቀኙ ባለበት ቀረ። አሁን ልዩነቱ 12 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። የቀኝ የኋላው ክንድ ላስቲክ ከሻንሲው ተንሸራቶ በጠርዙ ብቻ ይዟል። የተሳፋሪ ዕቃም ጣራው ላይ እንደታሰረ ነው። ረዳቱ ሲሸሽ የካምቢዮ ክሪኩ ተገልብጦ ከቁርጭምጭሚቱ በታች መታው፤ እግሩ አብጧል፣ ግን እያነከሰም ቢሆን ይራመዳል። ሰፈር ውስጥ ወዳሉ ወጌሻ ሊወስዱት እየተዘጋጁ ነው። መኪናው እንዴት ይውረድ? ቁልፉን ተጭኖ እንደገና ከፍ ማድረግ ይቻላል?

ቱንቢ፦
ምንም ቁልፍ አትንኩ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም። መጀመሪያ የሊፍቱን ብሬከር አጥፉ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው ሳጥኑን ቆልፉ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ይግባ። ከዚያ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሜትር ሰው አርቁ፤ ባለመኪናውንም ጭምር። "ዕቃውን ላውርድ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጣራ ላይ የወጣ አንድ ሰው በጠርዝ የቆመውን ላስቲክ ለማስለቀቅ ይበቃል። በትከሻ ደግፎ መያዝ የሚባል ነገርም የለም፤ ዶልፊን ባዶውን ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነው።

ሥሩን ማየት ከፈለጋችሁ ስልክ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ ቪዲዮ እየቀረጸ አስገቡት። አራቱ ላስቲኮች ምን ያህል እንደያዙ፣ የቀኙ ምሰሶ ሎክ (ክንዱ እንዳይወርድ የሚይዘው ብረት) ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ሁለቱን ጎን የሚያገናኘው ካቦ (የብረት ገመድ) ረግቦ ወይም ተበጥሶ እንደሆነ ይታያል። እነዚህን ሳናውቅ ማንም ሰው ከርቀት "እንዲህ አድርጉ" ቢላችሁ አትስሙት።

ፒንሳ፦
ኧረ ይሄን ያህል አታስፈራሯቸው። ቀኙ ሎክ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። 5 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጎ ሁለቱንም ሎክ ስቦ ማውረድ ነው፤ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው።

ቱንቢ፦
ፒንሳ፣ ያልከው አራቱም ላስቲክ በደንብ ለያዘ መኪና ልክ ነው፤ የዘወትር አሠራሩም እሱ ነው። እዚህ ግን አንዱ በጠርዝ ቆሟል። ፓምፑ ሲነሳ ዘይቱ ቀድሞ የሚገፋው ጭነት የቀለለበትን ጎን ነው። የቀኙ ክብደት ሎኩ ላይ ስለተቀመጠ ሲሊንደሩ ጭነት የለበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘልለው እሱ ነው። ያ ትንሽ ዝላይ ላስቲኩን ያስለቅቀዋል። መኪናው አንድ ክንድ ካጣ ደግሞ ሦስቱ አይሸከሙትም፤ ተጠማዞ ወደ ኋላ ይወርዳል።

ሲስተር፦
ስለ ረዳቱ ልናገር። ወጌሻ ጋ አይሂድ። አሁኑኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፤ ባጃጅም ይበቃል፣ እግሩን ግን ወንበር ላይ ዘርግቶ ይቀመጥ። መራመዱ አጥንቱ አለመሰበሩን አያሳይም፤ የእግር መዳፍ ትንንሽ አጥንቶች ተሰብረውም ሰው ይራመዳል።

ከስብራቱ የባሰው ሌላ ነው። ከባድ ነገር የጨፈለቀው እግር ውስጡ ሲያብጥ ጡንቻው ሽፋኑ ውስጥ ይታፈናል፤ ደም መድረስ ያቆማል። ምልክቱ፦ ከጉዳቱ መጠን በላይ የሆነና እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያጥፋቸው የሚያስጮህ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የተወጠረና የሚያብረቀርቅ ቆዳ። ይህ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ወጌሻ ይህን እግር አሽቶ በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስረው የቀረችውንም ደም ይዘጋበታል፤ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰው በዚህ ነው።

እስክትደርሱ ጫማውን አውልቁ (ካልወጣ ቆርጣችሁ)፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጉ፣ እግሩን በልብ ከፍታ ያዙት እንጂ በጣም ከፍ አታድርጉት። አትሹት፣ አታጥብቁት። ቆዳው ከተላጠ ስለ ቴታነስ ክትባት ለሐኪሞቹ ይነገራቸው። መንገድ ላይ ራሱን ከሳተ ወይም ሌላ ቦታም ከተመታ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ሌላው ለመካኒኮቹ፦ የሊፍቱ ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ እየረጨ ከሆነ በእጅ አትፈልጉት፤ ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ ሲበሳ የመርፌ ነጥብ ብቻ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ አያምም። እሱም ድንገተኛ ነው፤ እስከ ነገ አይታደርበትም።

ፎርክ 3 ቶን፦
ጋራዡ ጣራ ቆርቆሮ ከሆነ ክሬን አይገባም፤ ፎርክሊፍት ያስፈልጋል። ከቡና መጋዘን ወይም ከዕቃ ማከማቻ ከነኦፕሬተሩ ተከራዩ። የሚመጣው ማሽን ከመቀመጫው በላይ የብረት ጣራና ቀበቶ ያለው ይሁን። ከመኪናው ኋላ በኩል ቀጥ ብሎ ይግባ፤ በጎን ከገባ ምሰሶው ያግደዋል። ሹካዎቹ ላይ ጣውላ ይታሰር፣ ሁለቱም የሻንሲ ዋና ብረት ሥር ይድረሱ እንጂ ታንከር ወይም ጭስ ማውጫ ላይ እንዳያርፉ። እስኪነካና ክብደቱን እስኪቀበል ብቻ ነው፤ ማንሳት አይደለም። ኦፕሬተሩ ከወንበሩ አይውረድ፤ መኪናው ቢንሸራተት ዘሎ የሚወርድ ኦፕሬተር ነው የሚጨፈለቀው።

ስለ አቅሙም ልጨምር። ፎርክሊፍት ላይ 2.5 ቶን የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው የጭነቱ መካከል ከሹካው ጀርባ 50 ሳ.ሜ. ሲርቅ ነው። እዚህ 1 ሜትር ያህል ይርቃል፤ አቅሙ ወደ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይወርዳል። ለኋላው ግማሽ ይበቃል፣ ለሙሉው መኪና ግን አይበቃም። ስለዚህ የ3 ቶኑን ከመረጣችሁ ይሻላል። ወለሉም ይታይ፤ ማሽኑ ባዶውን ከ4 ቶን አያንስም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ እንዳይወጣ።

ኋላው ከተያዘ በኋላ ረጃጅም መቆሚያ ብረቶች ከውጭ በእንጨት እየተገፉ ከፊት በኩል ይግቡ። ክንዱን ማስተካከልና ሎኩን መልቀቅ ግን የሊፍት ቴክኒሻን ሥራ ነው። እሱ እስኪመጣ መኪናው እንደተደገፈ ይቆይ፤ ቢያድርም ምንም አይሆንም።

ካምቢዮ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። መኪናው በፎርክሊፍትና በቴክኒሻን በሰላም ወርዷል። ረዳቱ ራጅ ተነሥቶ ሁለት የእግር መዳፍ አጥንት ተሰብሮ ተገኘ፤ በጀሶ ነው ያለው። አሁን የምንጠይቀው ምክንያቱን ነው። ካቦዎቹ በእጅ ሲሳቡ እንደ ልብስ ማድረቂያ ገመድ ይወዛወዛሉ። መብራት በጠፋበት ሰዓት አንዱ ልጅ የግራውን ሎክ በሊቨር ፈልቅቆት ነበር አሉ። ከቀኙ ምሰሶ ሥር ደግሞ ሁለት ብሎኖች አጠገብ ወለሉ ተሰንጥቋል። ለልጁ ሕክምናና ደመወዝስ ኃላፊው ማን ነው?

ቱንቢ፦
ሦስቱም ነገር አንድ ላይ ነው የሠራው። ሊፍቱ መኪናውን ሎክ ላይ ካስቀመጠ ለማውረድ መጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. መነሳት አለበት፤ ለዚህ ፓምፕ፣ ለፓምፑም መብራት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ያለው አማራጭ መጠበቅ ወይም ጄነሬተር ነው። ሎክ በሊቨር ሲፈለቀቅ ጥርሱ ይበላል፣ ስፕሪንጉም ይጠመዘዛል። መብራት ሲመጣ የግራው ተለቅቆ ነበር፣ የቀኙ ግን ጥርሱ ውስጥ ነው።

ቢሆንም ካቦው ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ። ሁለቱ ካቦዎች ሥራቸው አንዱ ጎን ሲያዝ ሌላውንም ማስቆም ነው። 12 ሳ.ሜ. ልዩነት ማለት ካቦው ያን ያህል ረግቧል ማለት ነው። ማስተካከያው ከካቦው ጫፍ ያለው ዳዶ ነው፤ ሊፍቱን ባዶውን ሎክ ላይ አሳርፋችሁ ሁለቱንም እኩል አጥብቁ፣ በእጅ ሲጫን ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙ እንዳያልፍ። የመጨረሻውን ልክ የሊፍቱ መመሪያ ይነግራችኋል። ከዚያ ባዶውን ስታነሱት የሁለቱ ምሰሶ ሎኮች ድምፅ እኩል "ቀጭ" ይላል። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለ ገና ነው። ክሩ የተበጠሰ፣ የተቆለመመ ወይም የቀጠነ ካቦ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ስትፈትሹት በባዶ እጅ አትዳብሱት፣ ጨርቅ አሳልፉበት፤ የተበጠሰው ክር ጨርቁን ይይዘዋል።

ላስቲኮቹንም እዩ። ዘይት የጠጣ ላስቲክ ይንሸራተታል። መኪና ሲሰቀል 10 ሳ.ሜ. ላይ አቁማችሁ እያንዳንዱን ክንድ በእግር ገፋ አድርጉ፤ የክንዱ ጥርስ ከያዘ አይንቀሳቀስም። መኪናውንም ከመከላከያው ነቅንቁት። ከዚያ ነው ወደ ላይ። የጣራ ዕቃ ሳይወርድ የሚሰቀል ዶልፊን ደግሞ ገና ከመሬት ሳይነሳ ግማሽ አደጋ ነው። ካምቢዮ ሲወጣ ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከኋላ ረጅም መቆሚያ ይደረግ።

አርማታ፦
ስለ ወለሉ። ብዙ ጋራዥ ወለል ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ሊሾ ያለበት ድንጋይ ነው፤ ለሊፍት ብሎን ምንም አይደለም። አምራቾች የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ጥሩ አርማታ ነው። የጅማ አፈር ግን ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከዝቅተኛው ልክ ጋር መጫወት አይመከርም።

የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ አትድፈኑት። በየምሰሶው ሥር 1.5 በ1.5 ሜትር ቆርጣችሁ ለ30 ሳ.ሜ. አርማታ ቦታ እንዲኖር ቆፍሩ፣ ከሥሩ ድንጋይ ጠቅጥቁ። የሚሞላው 0.675 ሜትር ኩብ ነው፤ በC-25 (የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ) ሒሳብ ለአንድ ምሰሶ 5 ኩንታል ሳይሆን 5 ከረጢት (ባለ50 ኪሎ) ሲሚንቶ ገደማ። ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር፣ ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ሳ.ሜ.። ውሃው 25 ሊትር፤ አሸዋው ዝናብ ከመታው ይቀነሳል። 12 ሚሊ ፌሮ በ20 ሳ.ሜ. በሁለት አቅጣጫ ይታሰር፣ ብሎን የሚገባበት ቦታ ላይ እንዳይመጣ አስቀድሞ ምልክት ይደረግ። 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ 28 ቀን ሳይሞላ ሊፍት አይታሰርበት። "በ10 ቀን ጠንክሯል" የሚሏችሁን አትስሙ።

ብሎኑ ከአርማታው ጠርዝና ከስንጥቅ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ይራቅ። ቀዳዳው በትራፓኖ ከተበሳ በኋላ አቧራው በደንብ ይነፋ፤ አቧራ ላይ የታሰረ ብሎን ይዞራል። የመጥበቂያው ልክ በቶርክ ቁልፍ ነው እንጂ በቧንቧ ተረዝሞ በጉልበት አይደለም። ልኩ ሳይደርስ ዝም ብሎ የሚዞር ብሎን ካለ ጥፋቱ የአርማታው ወይም የቀዳዳው ነው፤ ሌላ ብሎን መፍትሔ አይሆንም። ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ በሁለት ጎን አረጋግጡ።

ሕግ ነክ፦
የልጁ ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታይ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። "ረዳት ነው፣ ውል የለውም" አያስኬድም፤ የሥራ ውል በቃልም ይሆናል። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከመጣ ነው። ሎክ መፈልቀቅ ክልክል መሆኑ ተነግሮ ከሆነ እንኳ የፈለቀቀው ሌላ ልጅ ነው፤ የተጎዳው ላይ አይላከክም።

የሕክምና ወጪውን፣ መድኃኒቱንና ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም እሱን አሠሪው ይሸፍናል። መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ዘላቂ ጉዳት ካለ መጠኑን የሚወስነው የሐኪም ቦርድ ነው። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅም አለበት። የራጁን ውጤት፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የደረሰኞቹን ኮፒ ልጁ ራሱ ይያዝ። ሽማግሌ ተቀምጦ "በዚህ ብር ጨርሱ" ቢባል ጀሶው ወጥቶ ሐኪም ሳያየው አይፈርም።

ካምቢዮ (ጠያቂ)፦
ተባረኩ። ባለቤቱ ወጪውን ለመሸፈን ተስማምቷል፤ ወለሉም ሊቆረጥ ነው። አንድ ይቀረኛል፤ አርማታው ከደረቀ በኋላ ባዶ አይሱዙ መስቀል እንችላለን? ቦታው ላይ "4 ቶን ስለሆነ ይችላል" የሚሉ አሉ።

ቱንቢ፦
አትስቀሉ። 4 ቶን ማለት በአንድ ክንድ 1 ቶን ማለት ነው፤ ክብደቱ እኩል ካልተከፋፈለ አንዱ ክንድ ከልኩ ያልፋል። አይሱዙ ፊቱ ከባድ ነው፣ ከኋላው አካሉም ረዥም ነው፤ ክንዶቹ ሚዛኑ ላይ አይደርሱለትም። ለእሱ ጉድጓድ ወይም ባለአራት ምሰሶ ሊፍት ነው።