በሐዋሳ መቶ ሃምሳ እንግዳ ለሚጠራ ዝግጅት የቦታና የመስተንግዶ ጥቆማ

ከመቶ እስከ ሁለት መቶ እንግዳ የሚጠራ ዝግጅት፣ የመሥሪያ ቤት ምሥረታ በዓልም ሆነ የአንድ ዘመን ተማሪዎች መገናኛ፣ በሐዋሳ ለማሰናዳት ላሰቡ የምሰጠው ጥቆማ ከቀኑና ከሰዓቱ ይጀምራል። አብዛኛው አዘጋጅ መጀመሪያ አዳራሽ መርጦ ቀኑን በአዳራሹ ክፍት ቀን ይወስናል። በዚህች ከተማ ግን ቀንና ሰዓቱ አስቀድሞ ከተቆረጠ የቦታው ምርጫ ከግማሽ በላይ ያልቃል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚውልባቸው ቀናት ናቸው። በዓሉን በሐዋሳ ገብርኤል ለማክበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፉ በዋዜማውም ሆነ በዕለቱ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም በሌላው ቀን ዋጋ አይደለም። ከሌላ ከተማ የሚመጣ እንግዳ ካለ እነዚህን ሳምንታት መዝለል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ ደግሞ ቀኑን የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሚወስኑት፣ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሐይቁ አጠገብ በመሆኑ በዚያ ሰሞን አካባቢው በሕዝብ ይሞላል። እንግዶቹ በዓሉን እንዲያዩለት ለሚፈልግ አዘጋጅ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ አልጋውን ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ፣ ከቤት ውጭ ለሚደረግ ግብዣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ እንደ ጎንደር ግንብ፣ እንደ ሐረር ጀጎል የላትም። የቀድሞዋን ሐዋሳ የሚያስታውስ ቦታ ለሚሻ ግን በዋቤ ሸበሌ ስም የሚታወቁት የሐይቅ ዳር ሆቴሎች አሉ። ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ በአዳዲሶቹ ሆቴሎች በቀላሉ አይገኝም፤ ለምሳ ግብዣ እኔ የምመርጠውም እንዲህ ያለውን ግቢ ነው። ይሁን እንጂ ቡፌው ዛፍ ሥር ከተዘረጋ ጦጣዎቹ ከእንግዳው ቀድመው ይደርሳሉ። ሙዙን ነጥቀው ቅርንጫፍ ላይ ሲልጡት ልጆች ይስቃሉ፣ ምግብ አቅራቢው ግን አይስቅም። ስለዚህ ክዳን ያለው የቡፌ ዕቃና ከማዕዱ የማይለይ አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ የወባ ትንኝ ስለሚነሣ፣ በሐይቁ ዳር ግቢ የሚደረገው ፕሮግራም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያልቅ መልካም ነው።

ዝግጅቱ ወደ ማታ የሚዘልቅ ከሆነ ኃይሌ ሪዞርት ወይም ሌዊ ሪዞርት ይሻላል። ሁለቱም ሐይቁ ዳር ናቸው፤ አዳራሽና መኝታ በአንድ ግቢ ስላላቸው እንግዳው በሌሊት ባጃጅ ፍለጋ አይወጣም። ወጪው ግን ጠንከር ይላል። የሲዳማ ባህል አዳራሽ ለትልልቅ ጉባኤ የሚሆን ቦታ ነው፤ መቶ ሃምሳ ሰው ብቻ ሲቀመጥበት ከተጠራው የቀረው የበዛ ያስመስላል። በከተማው መሃል ያሉት ሆቴሎች ለስልጠናና ለስብሰባ ይበቃሉ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ሐዋሳ ድረስ እንግዳ ጠርቶ ዓሣ አለማቅረብ ያስተዛዝባል። ቆሮሶውም አምባዛውም በጠዋት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይገኛል። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ እዚያው ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን ለመልቀም ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ምግብ አቅራቢው ዓሣውን የሚገዛው በዕለቱ ጠዋት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የዓሣ ጥብስ ቡፌ ላይ ሲቆይ ስለሚደርቅ፣ ቡፌው ላይ ጉላሽ ይቅረብ፣ ጥብሱ ግን በዚያው በእንግዳው ፊት እየተጠበሰ ይውጣ። ዓሣ ካለ የጾም ምግብ አያስፈልግም የሚለው ሒሳብ አያዋጣም፤ በጾም ዓሣ የማይቀምስ ምእመን ብዙ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮው፣ ምስሩና አትክልቱ ራሱን ችሎ መቅረብ አለበት። ለሙስሊም እንግዶች የሥጋው አስተራረድ ብቻ ሳይሆን ድስቱና ጭልፋው ጭምር ይለይ። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ በሸክላ ዕቃ ሲቀርብ የብዙውን እንግዳ ዓይን ይስባል፤ እሱን ግን ለሆቴል ማእድ ቤት ከመተው በሙያው የታወቁ የሲዳማ እናቶችን ማሠራት ይሻላል። አንዳንድ ሆቴል ከውጭ ምግብ ማስገባት ስለሚከለክል ይህ ከውሉ በፊት ይጠየቅ።

ፕሮፎርማ ሲወዳደር ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል። ለምሳሌ አንዱ በሰው 1,000 ብር፣ ሌላው ሁሉን ጨምሮ 1,150 ብር ቢል የሚረክሰው ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከታከለ ዋጋው 1,265 ብር ይደርሳል። ለ150 ሰው ልዩነቱ 17,250 ብር ነው፤ ይህ ገንዘብ ለዲኮር ወይም ለፎቶ አንሺ ይውላል።

ጄኔሬተር አለን የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም። በተገኘሁበት አንድ ዝግጅት ላይ መብራት ሲጠፋ የአዳራሹ አምፖሎች ወዲያው በሩ፤ ማይክሮፎኑና ማእድ ቤቱ ግን ከጄኔሬተሩ መስመር ውጭ ስለነበሩ ንግግሩም ምግቡም ቆመ። ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚያነሣ አስነሥቶ ማየት ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ደግሞ የእንግዳው ቁጥር እስከ ስንት ቀን ድረስ ሊስተካከል እንደሚችል፣ ዝግጅቱ ቢራዘም ቀብዱ ምን እንደሚሆን፣ ከተባለው በላይ ለሚመጣ ሰው በምን ዋጋ እንደሚከፈል በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በእኛ አገር ደግሞ የተጠራ ሰው ብቻውን አይመጣም።