ተወዳዳሪው ክርክር አልወጣም ካለ ባዶ ወንበር ይቀመጥለት?

ቲቸር ከሀዋሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜግነት አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡም እኔ ላይ ተጥሏል። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የተማሪዎች ፓርላማ ምርጫ ደርሷል። ለአፈ ጉባኤነት ሦስት ልጆች ቀርበዋል። ዘንድሮ ክበቡ ክርክር አዘጋጀ። በስልክ እየተቀረጸ በቴሌግራም ቻናላችን በቀጥታ ይተላለፋል፤ ድምፁ ደግሞ በግቢው ድምፅ ማጉያ ይወጣል። ልጆቹ መድረኩን ለማሳመር ከየቤታቸው መጋረጃ ሳይቀር አምጥተዋል።

ታዲያ አንደኛው፣ የ11ኛ ክፍሉ፣ አልወጣም አለ። የትምህርት ቤቱ ቡድን አጥቂ ነው። ግቢው ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ሲያረፍድ ጥበቃው ራሱ ነው በር የሚከፍትለት። ቢሮ ጠርቼ ለምን አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ ብወጣ የሚታወቁት እነሱ ናቸው። እኔ ምን አተርፋለሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ተመራጭ ግዴታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይሄኛውን ግን ከኔ አልተማረም።

ቆይቶ ደግሞ «ካስፈለገ ጓደኛዬን እልካለሁ» አለ። ጓደኛው ተወዳዳሪ አይደለም። ምላሱ ግን ጤፍ ይቆላል።

የክበቡ ልጆች ባዶ ወንበር እናስቀምጥ፣ ስሙን በካርቶን ጽፈን እንለጥፍበት እያሉ ነው። አንዷማ ማሊያ እናልብሰው ብላለች። ይሄ ማላገጥ አይሆንም? ትልልቆቹ ፖለቲከኞች ሲቀሩ አዘጋጆቹ ምን ያደርጋሉ? ክርክሩ ዓርብ ነው።

ኢስሊ የኖረ፦

መምህር፣ ልጁ ሂሳብ ሠርቶ ነው። የሚመራ ሰው ከክርክር የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ የሚያጣው ብዙ።

በፈረንጆቹ 2017 ናይሮቢ ነበርኩ። ጁላይ 24 ማታ የፕሬዚዳንታዊ ክርክር አለ ተብሎ ኢስሊ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበናል። ወንበሩ ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አልመጣም። ተቀናቃኙ ራይላ ኦዲንጋ ብቻውን ቆሞ ጥያቄ ሲመልስ አመሸ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ እንጀራውን ትቶ «ፈሪ! ፈሪ!» እያለ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮህ ነበር። ኡሁሩን ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2022፣ ያው ጁላይ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን የቀረው ራይላ ነው። ከዊልያም ሩቶ ጋር መድረክ አይጋራም አሉ የቅስቀሳ ሰዎቹ፤ ምክንያታቸው ሥነ ምግባር ነበር። በአንዳንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ይመራ እንደነበር ግን አትርሱ። ሩቶ ብቻውን ቆመ። ያ «ፈሪ» ባዩ ጓደኛዬ ደወለልኝና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ራይላ ልክ ነው፣ ምን ያከራክረዋል!»

ኡሁሩ ቀርቶ አሸናፊ ተባለ። ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ራይላ ደግሞ ቀርቶ ተሸነፈ። ስለዚህ መቅረቱ ይጥለዋል ብለህ አትጠብቅ።

የመናኸሪያው ሻይ ቤት፦

እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ። በ1997 መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቤት ነበረኝ። 21 ኢንች ቴሌቪዥን ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ የምርጫ ክርክር አሳይ ነበር። ክርክር ያለ ማታ ብርጭቆ ከጎረቤት እበደራለሁ። ኳስ እንኳን ያን ያህል ሰው አይሰበስብም። ልደቱ አያሌው ሲናገር ስኳር የሚያማስል ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ነጋ ስለ ኢኮኖሚ ሲያወራ አንድ ጋሪ ነጂ «ይሄ ሰውዬ ስለኔ ፈረስ ነው የሚያወራው» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ወደ ሬዲዮ ይሮጣል።

ኢህአዴግም ሰዎቹን ልኮ ፊት ለፊት ተከራክሯል። ይሄ አይካድም። ከዚያ ግንቦት 7 ሆነ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። ክርክሩ ብቻውን አመጣው አልልም። ግን ወንበር ላይ ያለ ሰው ያንን አይቶ ክርክር ቢፈራ ይፈረድበታል? እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጄ እንደሚለው አሜሪካም ያው ነው። ኒክሰን በፈረንጆቹ 1960 ከኬኔዲ ጋር ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ተሸነፈ። በ1968 እና በ1972 አልወጣም አለ፤ ሁለቱንም አሸነፈ።

መምህሬ፣ ልጁ ኳስ ተጫዋች አይደል? ሜዳ ላይ ያልተገኘ ቡድን ፎርፌ እንደሚሰጥበት አስታውሰው። ሌላውን ባይሰማ ፎርፌን ይሰማል።

ናዝሬቴ፦

ፎርፌ! ጋሼ ጨረሱት።

እኛ ጋ አዳማ ለኮንዶሚኒየማችን ማኅበር ሊቀመንበር ስንመርጥ አንዱ ተወዳዳሪ ስብሰባው ቀን ስልኩን ዘጋ። «ሥራ ይበዛበታል፣ ትልቅ ሰው ነው» ብለን መረጥነው። የውሃ ሞተሩ ከተቃጠለ ሁለት ወሩ ነው። ስልኩ እስካሁን ዝግ ነው።

ካሜራ ጀርባ፦

ስቱዲዮ ነው የምሠራው፤ ስለ ወንበሩ ልንገርህ።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2019 የእንግሊዙ ቻናል 4 ስለ አየር ንብረት የፓርቲ መሪዎች ክርክር አዘጋጀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰንና ሌላው የፓርቲ መሪ ናይጀል ፋራዥ ቀሩ። ጣቢያው በቦታቸው በምድር ቅርጽ የተሠራ በረዶ አስቀመጠ። ሌሎቹ እየተከራከሩ በረዶው ይቀልጣል። የጆንሰን ፓርቲ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሰሰ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ጆንሰንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ምርጫውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። እንደ ቴሌቪዥን ሰው በረዶው ያስቀናኛል። ግን በማግስቱ ሰው ያወራው ስለ በረዶው ነው። የአየር ንብረቱን ማን ያስታውሰዋል? ማሊያው ይቅር የምልህ ለዚህ ነው።

ጓደኛ መላክንም ሞክረውታል። ያኔ ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ በጆንሰን ፈንታ እኔ ልግባ ብሎ ስቱዲዮ ድረስ መጣ። ክርክሩ የመሪዎች ነው ብለው መለሱት። በፈረንጆቹ 2017 ግን የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ በራሷ ፈንታ ሚኒስትሯን አምበር ራድን ልካ ተፈቅዶላታል። እኛ አገር ክርክሩ በፓርቲ ስም ስለሆነ ማን ይምጣ የሚለው የፓርቲው ጉዳይ ነው። አንተ ጋ የሚመረጠው ልጁ ራሱ ነው። ምላስ በውክልና አይሰጥም።

ግብዣውን በጽሑፍ ስጠው፣ አስፈርመው። ሲጀመር «ተጋብዟል፣ አልመጣም» ብለህ አንድ ጊዜ አንብብ። ወንበሩ ባዶውን ይቀመጥ። ሌሎቹ ሁለቱ ሰዓታቸውን እሱን በማማት እንዳይጨርሱት ግን አደራ።

ቲቸር ከሀዋሳ፦

አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። ዓርብ አለፈ።

ደብዳቤውን ሰጠሁት፣ ፈረመ። ፎርፌውንም ነገርኩት። ሳቀ። «ቲቸር፣ ያለ እኔ የሚጀመር ጨዋታ የለም» ብሎ ሄደ። ክርክሩ ሲጀመር ግን ከጓደኞቹ ጋር መስኮት ላይ ተደርድሮ ሲያይ ነበር።

ወንበሩን አስቀመጥን፤ ማሊያ የለም፣ ካርቶን የለም። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ታዲያ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አርፍዶ መጣ። መቀመጫ አጣ፣ ዞር ዞር አለ፣ መድረኩ ላይ ወጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ! ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ካሜራው ፊት ለፊት፣ እስከ መጨረሻው። ላስነሳው ብዬ ነበር፤ ሳቁ እስኪያልፍ ጊዜው ሄደ። ቴሌግራሙ ላይ የሚጻፈው ሁሉ «የተቀመጠውን እንምረጥ» ሆነ። የበረዶው ነገር እኔም ላይ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን አለ። የ10ኛ ክፍሏ ተወዳዳሪ ከሳቁ በኋላ ማይኩን ይዛ «የላብራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ዝም ያለው አዳራሹ ብቻ አይደለም፤ መምህራኑም ጭምር ነን።

ምርጫው ሰኞ ነው። ቁልፉን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።