ሐኪም ያዘዘው ስቶኪንግ ተረከዝ ላይ ይቀራል፤ ጠርዙም ይጠቀለላል

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ለቫሪኮስ (ላበጠ የእግር ደም ሥር) እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ግፊቱ 20–30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (mmHg)፣ ጣቱ ክፍት የሆነ ስቶኪንግ (እግርን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ) ታዞላታል። ቁርስ ሠርታ፣ እግሯን ታጥባ ስታደርገው ተረከዟ ላይ ይቀራል። በግድ ከወጣ በኋላም ከጉልበቷ ሥር ተጠቅልሎ ሰንበር ያወጣል። ክረምቱ ደግሞ ማድረቂያ አሳጣን። ምን ይሻላል?

ነርሷ፦
ሰዓቱ ነው ችግሩ። ቁርስ እስኪሠሩ ድረስ በመቆም እግራቸው አብጧል። ከአልጋ ሳይወርዱ ይልበሱት፤ እግር መታጠቡ ለማታ ይቆይ፣ እርጥብ ቆዳ ጨርቁን ይይዘዋል። እጅሽን ወደ ውስጥ ሰደሽ ተረከዙን ያዢና እስከዚያ ድረስ ገልብጪው። መጀመሪያ የእግራቸው ፊት ይግባ፣ ተረከዝ ከተረከዝ ይግጠም፣ የቀረውን በመዳፍ እየዳበስሽ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ አውጪው። የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ካደረግሽ ጨርቁን ይይዝልሻል፣ ጥፍርም አይቀደውም። ጠርዙን ይዞ መጎተት ግን ጨርቁን ሁሉ ላይ ያከማቸዋል።

ሌላ አባል፦
ጣቱ ክፍት ከሆነማ ፌስታል አለ! ስስ ፌስታል እግራቸው ላይ አጥልቂና ስቶኪንጉን በላዩ አንሸራቺው። ቦታውን ሲይዝ ፌስታሉን በጣቶቹ በኩል ሳቢው። ድፍን ለሆነው አይሆንም።

ፋርማሲስት፦
መጠቅለሉን እንደ ቀላል አትዩት። ስቶኪንግ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠንክሮ ወደ ላይ እየላላ ነው ደሙን የሚያግዘው፤ የታጠፈ ጠርዝ ግን ከላይ እንደ ገመድ ያስራል። ጠርዙ ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ረዝሞ ከተረፈ ልኩ አይደለም፣ በማጠፍ አይስተካከልም። በጠዋት ቁርጭምጭሚቱ የቀጠነበትን፣ ባቱ የወፈረበትን ዙሪያ፣ ከዚያም ከተረከዝ እስከ ጉልበት እጥፋት ያለውን ቁመት ለኩና ከማሸጊያው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። በጫማ ቁጥር ብቻ ተገዝቶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለ ማጠቡ፦ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ላስቲኩን ይበላዋል። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ዘርጉት። ከሰል ላይ ማንጠልጠል፣ በበጋም ፀሐይ ላይ ማስጣት ያላላዋል። ሁለት ጥንድ ካላችሁ የክረምቱ ጣጣ ይቀላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቀየር፤ ያለ ትግል መውጣት ከጀመረ አልቆለታል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታስ? ቫዝሊንስ?

ነርሷ፦
ሐኪሙ ሌላ ካላሉ ማታ ይውለቅ። ቅባትም ያኔ ነው፤ ጠዋት ከተቀባ ይንሸራተታል፣ ላስቲኩም ይጎዳል። ጣታቸው ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው አውልቂና ሐኪም ይይላቸው። ስኳር ካለባቸው ወይም ሲራመዱ ባታቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ ወደ እግር የሚወርደው የደም ዝውውር ሳይመረመር መልበሳቸውን አይቀጥሉ። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመማቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።