የዘመነ መሳፍንትን ሰዎች፣ ጦርነቶችና ማዕረጎች ሳይደበላለቁ እንዴት ልያዝ?

የአጋሮዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ 12ኛ ክፍል ነኝ። ከዐፄ ኢዮአስ ሞት እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥ ያለውን የእርስ በርስ ጦርነት ሳነበው ይገባኛል፤ ጥያቄ ሲሆን ግን የቱ ብሩ፣ የቱ አሊ እንደሆነ ይጠፋኛል። መማሪያው በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ዓመት ነው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ደግሞ በእኛ። የጉር አምባን ጦርነት አንዱ 1852 ይለዋል፣ ሌላው 1845። ማዕረጎቹንማ ተውት፣ ዛሬ ሸምድጄ ነገ የሉም። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፣ በቀን አንድ ሰዓት አለኝ። ከየት ልጀምር?

ጥቁር ሰሌዳ፦

እህቴ፣ በዓመተ ምሕረት አትጀምሪ። በቤት ጀምሪ። የዘመኑ ሰው ሁሉ ከአንድ ቤት ወይ ይወለዳል ወይ ይጋባል፤ ቤቱን ካወቅሽ ጠላቱን ራሱ ይነግርሻል። አንድ ሙሉ ወረቀት ላይ አራት ቤት ሥሪ፦

የጁ፣ መቀመጫው ደብረ ታቦር። ታላቁ አሊ፣ ቀጥሎ አሊጋዝ፣ አሥራት፣ ጉግሣ፤ ከዚያ የጉግሣ ልጆች ይማም፣ ማርዬ፣ ዶሪ፤ መጨረሻ ላይ የጉግሣ የልጅ ልጅ ትንሹ አሊ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር። ንጉሠ ነገሥት ተብዬው ጎንደር ቁጭ ብሎ እንደራሴዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሰሜንና ትግራይ፦ መጀመሪያ ሰባጋዲስ፣ በኋላ ውቤ ኃይለ ማርያም።

ጎጃም፦ ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ።

ቋራ፦ ካሣ ኃይሉ፣ ብቻውን። ግን ከካሣ ወደ የጁ ቤት አንድ መስመር ስበሽ «ተዋበች» በይበት። የትንሹ አሊ ልጅ ናት፤ ካሣ የተዋጋው ከአማቱ ጋር ነው። ይህን መስመር የረሳ ተማሪ የአይሻል ጦርነት አይገባውም።

ሸዋን ከወረቀቱ ጥግ አስቀምጪው። በዚያ ዘመን ራሱን ችሎ የቆየ ስለሆነ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ነው።

ወረቀቱ ሲያልቅ መንታ ስሞችን በቀይ እስክሪብቶ ክበቢ። ብሩ ጎሹ የጎጃም፣ ብሩ አሊጋዝ የየጁ። ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ሆኑ፣ ካሣ ምርጫ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። መነን ሊበንና መነን አስፋው ወደ መቶ ዓመት ይራራቃሉ። ፈተና የሚያወጣ ሰው የሚያጠምደው እነዚህ ላይ ነው።

ባሕረ ሐሳብ፦

ለዓመቱ ግርግር መልሱ አጭር ነው። ነገሩ የሆነው በእኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 7 ቀንሺ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው ጉር አምባን 1844 ይለዋል፤ ጦርነቱ ግን በኖቬምበር ስለነበር 1852 ሲቀነስ 7፣ 1845 ነው።

እሱን ካስተካከልሽ የሚጠቅም ነገር ይወጣል፦ ጉር አምባ ኅዳር፣ ታኩሳ ሚያዝያ፣ አይሻል ሰኔ፤ ሦስቱም 1845። በፈረንጅ ሁለት ዓመት ላይ የተበተነው በእኛ አንድ ዓመት ነው። ካሣ በመስከረምና በጳጉሜን መካከል ጎሹን ገደሉ፣ አሊ የላኩትን ጦር ሰበሩ፣ አሊን ራሳቸውን አባረሩ። ስለዚህ በቃል የምትይዥው ቁጥር አምስት ብቻ ነው፦ 1761 ኢዮአስ፣ 1823 ደብረ ዓባይ፣ 1834 ደብረ ታቦር፣ 1845 ሦስቱ፣ 1847 ደረስጌ። ለእንግሊዝኛው ፈተና እዚያው ቀይሪው።

ቀን የሚያሰላ ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ። በዛሬው ልክ መስከረም 1 = ሴፕቴምበር 11 ብሎ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን ቢቀይር በአንድ ቀን ይስታል፤ ያኔ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነበር። ሁለት መጽሐፍ በአንድ ቀን ሲለያዩ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ይኸው ነው።

ሌላ፦ አንዳንዱ ጽሑፍ ታኩሳን ጎርጎራ ብቸኝ ይለዋል። ሁለት ጦርነት ብለሽ እንዳትቆጥሪ።

የጅሬን ዳገት፦

ጥቁር ሰሌዳ ስለ ቤቶቹ ያለው ልክ ነው። ጦርነቶቹን ግን «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ የጥናት ካርድ (ፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው መልስ) ላይ አትጻፉ። ይህ ጥያቄ ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል።

ደብረ ዓባይ፣ የካቲት 1823፦ ድሉ የማርዬ ወገን ነው፣ ማርዬ ግን እዚያው ሞቱ። ሰባጋዲስ ተያዙና ተገደሉ። ሁለቱም አዛዥ የለም። ከዶሪ አጭር ጊዜ በኋላ ትንሹ አሊ ገና ልጅ ሳሉ ሥልጣን ላይ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ደብረ ታቦር፣ 1834፦ ውቤ አሸነፉ፣ አሊ ሸሹ። ማታ ውቤ በድል ግብዣ ላይ ሳሉ የየጁው ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ያዟቸው። አሸናፊው እስረኛ፣ ተሸናፊው ገዥ!

ስለዚህ ጥያቄው «በማግስቱ ሥልጣኑ በማን እጅ ነው?» ይሁን። ይህ ለሁሉም ይሠራል። ለደረስጌማ እንዲያውም ያምራል፦ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ፣ አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡት ውቤ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ የደፉት ቴዎድሮስ። ውቤ የታሰሩት ከንግሡ ቀናት ቀደም ብለው ነው።

ማዕረጉን ደግሞ በዝርዝር አትሸምድጂ፣ ሳይው። ወረቀት መሐል ላይ የአዛዡን ድንኳን አድርጊ። ፊት ለፊት ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ ከኋላ ደጀን፣ ከድንኳኑ ደጅ ደጃዝማች። ራስ ከሁሉም በላይ። ቃሉ ራሱ ቦታውን ይነግርሻል። አንድ ጥንቃቄ፦ በዘመነ መሳፍንት ማዕረጉ የክብር ደረጃ ሆኗል፤ ደጃዝማች ሁሉ ድንኳን ደጅ ላይ ቆሞ አይዋጋም። ውቤ ደጃዝማች እንደተባሉ ነው ሰሜንንና ትግራይን የገዙት።

የፈረስ ስም ለጅማ ልጅ አይከብድም፤ አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ መላ ሀብተ ጊዮርጊስ። አራቱ ይበቁሻል።

እግረ መንገዴን ለጅማዎች የሚሆን ማንጠልጠያ፦ የመጀመሪያው አባ ጅፋር የገዙት በፈረንጅ ከ1830 እስከ 1855 ገደማ ነው። ደብረ ዓባይና ደረስጌ መነሻና መድረሻው ላይ ተቀምጠዋል፤ የትንሹ አሊ ዘመን በሙሉ በመካከሉ ያልቃል። አሊ መቼ ነበሩ ብትባዪ ጅሬንን፣ የጅማ ነገሥታትን መቀመጫ፣ አስቢ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ የሚጎበኘው ግን ሁለተኛው አባ ጅፋር ናቸው፣ የምኒልክ ዘመን ሰው፤ እንዳይምታታብሽ።

የአጋሮዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ የድንኳኑን ሥዕል አሁኑኑ ሠራሁት። ካርዱን በምን ልክ ልሥራ? ስንት ይበቃል? የሰገሌን ጦርነትስ አብሬ ላስገባ?

ጥቁር ሰሌዳ፦

«በማግስቱ» የሚለውን ተቀብያለሁ፣ ከእኔ ይሻላል።

የደብተር ቅጠል ለአራት እጠፊና ቅደጂ። 14 ሰው፣ 7 ጦርነት (ከላይ ካሉት ስድስት ላይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተሸንፈው ከሥልጣን የወደቁበትን ሰርባኩሳን፣ 1763፣ ጨምሪ)፣ 11 ቃል (ማዕረግና የመሳሰለው)። በድምሩ 32። በቀን 4 ብታስገቢ በ8 ቀን ያልቃል፤ የቀረው አምስት ሳምንት ክለሳ ነው።

አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ። ብዙ ሰው የሚወድቀው የብሩ ጎሹን ሙሉ ታሪክ ከጀርባ ሞልቶ ነው፤ ያኔ ግማሹን አስታውሶ «አውቄዋለሁ» ይላል። እንዲህ ይሁን። ፊቱ፦ «ብሩ ጎሹ፣ ቤቱ?» ጀርባው፦ «ጎጃም። አባቱ ጎሹ ዘውዴ፣ ጉር አምባ ላይ የሞቱት።» በቃ።

የጫማ ካርቶን ውስጥ ሦስት ክፍል አድርጊ፦ በየቀኑ፣ በየሦስት ቀኑ፣ በየሳምንቱ። የመለስሽው አንድ ክፍል ወደፊት፣ የሳትሽው ከየትም ክፍል ይሁን ወደ መጀመሪያው። ከመገልበጥሽ በፊት መልሱን አፍ አውጥተሽ ተናገሪ ወይ ጻፊ። ገልብጦ «አዎ ይሄ ነበር» ማለት ዓይንን ማልመድ ነው፣ ፈተና ላይ አይሠራም። በየጊዜው ካርዶቹን በዝቂያቸው፤ በተራ ካጠናሽ የምትይዥው ተራውን ነው።

ባሕረ ሐሳብ፦

ስልክ ላይ አንኪን የመሰለ መተግበሪያ ቀኑን ራሱ ይቆጥርልሻል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ግን ለ32 ካርድ ወረቀቱ ይበልጣል፤ ስትጽፊው ግማሹን ይዘሽዋል።

ሰገሌን በሌላ ላስቲክ እሰሪው። ዘመኑ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ። ቀኑ ቀላል ነው፦ ልጅ ኢያሱ የተሻሩት መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፤ ሰገሌ ጥቅምት 17፣ ልክ በወሩ። እዚያ የተሸነፉት ንጉሥ ሚካኤል የወሎው፣ የኢያሱ አባት ናቸው። ኢዮአስን ያስገደሉት ራስ ሚካኤል ስሑል የትግሬው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶሽን አትርሺ።