ለጮቄም ለጣናም መንገድ የሚሆን ሰንጢ፦ የቱ ይሻላል?

መስከረም ጠብቶ የጎጃም መንገድ ሲደርቅ «ጮቄ ተራራ እንውጣ»፣ «ዘጌ እንሻገር»፣ «ግሽ ዓባይ ደርሰን እንምጣ» የሚለው ሰው ይበዛል። አብሮ የሚመጣ ጥያቄም አለ፦ ምን ዓይነት ሰንጢ ልያዝ? ከውጭ የሚመጣውንም ከገበያችን የሚገኘውንም አነጻጽሬ ልንገራችሁ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ኦፒኔል ቁጥር 8 የተባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ ያዙ። እሱ ካልተገኘ፣ ሲዘረጋ የሚቆለፍና ስለቱ ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ሰንጢም ይበቃል። እንጨት መፍለጥ ካሰባችሁ ግን ሰንጢውን ተዉትና ገበያ ወርዳችሁ ከቀጥቃጭ እጅ ካራ ግዙ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ሰው ሰንጢ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ስሙን ነው፤ ቀጥሎ ውበቱን። እኔ መጀመሪያ ማጠፊያውን እዩ እላለሁ። የደነዘ ስለት ይሳላል። የላላ ማጠፊያ ግን አንድ ቀን ጣት ላይ ይከደናል። ጮቄ ላይ ደግሞ ጤና ጣቢያ ቅርብ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑት። ሰንጢውን ዘርጉ። እጀታውን በአንድ እጅ፣ የስለቱን ጀርባ በሌላው እጅ ሁለት ጣት ያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዙት። ቀጭ ቀጭ ካለ ይቅርባችሁ። ከዚያ ቆልፉትና የስለቱን ጀርባ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጫን በሉት። በዚህ ጊዜ እጀታውን ከጎንና ከጎን ያዙ፤ ጣታችሁ ስለቱ በሚታጠፍበት በኩል እንዳይሆን። መቆለፊያው ከተንሸራተተ መልሱለት። በመጨረሻ እጠፉትና ወደ ብርሃን አዙሩት። ስለቱ መሐል ለመሐል መግባት አለበት። አንዱን ጎን እየፋቀ የሚገባ ከሆነ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይደነዝዛል። ጫፉ ከእጀታው ብቅ ካለ ደግሞ ኪስ ይቀድዳል፣ ጭንም ይወጋል። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈሩ፤ ገንዘቡም ጣቱም የእናንተ ነው።

የብረቱ ነገር ቀጥሎ ይመጣል። መንገድ ላይ ሰንጢ ከሚሠራው ሥራ አብዛኛው የምግብ ነው። ድፎ ዳቦ ይቆርጣል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከትፋል፣ ብርቱካን ይልጣል፣ የሸንኮራ አገዳ ቅርፊት ይገፍፋል። አለፍ ሲል ገመድ ይበጥሳል፣ የድንኳን ካስማ ያሾላል። ለዚህ ሁሉ ረጅም ስለት አያስፈልግም። ድፎው ትልቅ ከሆነ ዙሪያውን ቆርጣችሁ መሐሉን በእጅ መቁረስ ነው። የሚያስፈልገው ቀጭን ስለት ነው። ገበያ ላይ «ጠንካራ» እየተባለ የሚሸጠው ወፍራም ሰንጢ ሽንኩርቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ኦፒኔልን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ስለቱ ስስ ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቯ ተራሮች መሥራት የጀመረው ሰንጢ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም የዚያ አገር ገበሬዎችና እረኞች ነበሩ። መጠኑ በቁጥር ይጠራል። ቁጥር 6 ስለቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥር 8 ደግሞ 8.5፤ ቁጥር 10 ደግሞ 10። እጀታው እንጨት ነው። አንገቱ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረ ነው። ስለቱን ዘርግታችሁ ቀለበቱን በአውራ ጣት ስትጠመዝዙት ወደ ኋላ መታጠፊያ ያጣል። ቁጥር 8 ክብደቱ 50 ግራም አይሞላም፤ ቦርሳ ውስጥ መኖሩም አይታወቅም።

አንድ ችግር አለው፤ እንጨቱ ውኃ ይወዳል። በጮቄ ጉምና ዝናብ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከዋለ እጀታው ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይላል። በጥርስ አትታገሉት። ቀለበቱ መከፈቱን እዩ፣ ከዚያ የእጀታውን የኋላ ጫፍ ድንጋይ ላይ ወይም ጫማ ተረከዝ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል። የሳቯ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከመንገዱ በፊት እጀታውን የተልባ ዘይት ቀብታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት እብጠቱ በጣም ይቀንሳል።

ኦፒኔል በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል። አንደኛው የካርቦን ብረት ነው፤ ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ያስደስታል። ግን ሎሚ ወይም ቲማቲም ቆርጣችሁ ሳታብሱት ካደራችሁ ጠዋት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ጥቁረቱ ራሱ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ቀዩ ዝገት ነው። ሁለተኛው የማይዝገው ነው፤ ሲሳል ትንሽ ያለፋል። ጣና ዳር ለሚውል፣ በዝናብ ለሚሄድ፣ ዕቃውን ማበስ ለሚረሳ ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ለአብዛኞቻችን ማለት ነው።

ቪክቶሪኖክስ፣ ቀዩ የስዊዘርላንድ ሰንጢ፣ ለሌላ ሰው ነው። መልኩን የምናውቀው ባለብዙ ስለቱ ሰንጢ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ወስፌ፣ አንዳንዱም መቀስና መጋዝ አለው። ቡድን ይዞ ለሚወጣ፣ ሰርዲንና ቱና ለሚጭን፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ቦርሳ መንገድ ላይ ለሚጠግን ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ልብ በሉ፣ ትናንሾቹ ስለታቸው አይቆለፍም። የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ተጭኖ ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋትና ለመፈልቀቅ አይሆኑም። አስመስለው የሚሠሩትም ብዙ ነው። ቀይ ቀለምና ነጭ መስቀል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስሙ በንጹሕ ተቀርጾ እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ያንኑ የማጠፊያ ፈተና ፈትኑት።

ሂጎኖካሚ የሚባል የጃፓን ሰንጢም የሚጠይቁ አሉ። ቆንጆ ዕቃ ነው። ግን መቆለፊያ የለውም፤ ስለቱ እንዳይታጠፍ በአውራ ጣት ተጭኖ መያዝ ይፈልጋል። ለጀማሪ አልመክረውም።

በየገበያው የሚሸጠው ስም የለሽ ሰንጢ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ፈተናውን ካለፈና ስለቱ ቀጭን ከሆነ ግዙት፣ ለዳቦና ለብርቱካን ያገለግላል። ቁልፍ ሲጫኑት ተፈናጥሮ የሚከፈተውን ግን ተዉት። ስፕሪንጉ ቶሎ ይደክማል። ፍተሻ ላይም ሰው በሌላ ዓይን ያያችኋል።

አሁን ወደ ራሳችን ካራ ልምጣ። ቀጥቃጮቻችን ከመኪና ባሌስትራ ካራ ያወጣሉ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ በወናፍ ግሎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ውኃ ሲጠጣ ስለት ይይዛል። እጀታው ወይራ ወይም ቀንድ፣ ሰገባው ቆዳ ሊሆን ይችላል። አይታጠፍም፣ ስለዚህ ማጠፊያው ይላላል ብሎ ስጋት የለም። ማገዶ ለመሰንጠቅ፣ ሥጋ ለመበለት፣ ጣና ዳር ዓሣ ለመክፈት ከማንኛውም ሰንጢ ይበልጣል። ዓሣ በሰንጢ ከከፈታችሁ ዝልግልጉ እጀታው ውስጥ ይገባና ሽታው አይለቅም። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ በካራ ነው። ጾምና ፍስክ ለሚለይ ሰውም ሁለት መያዙ ይመቻል፤ ካራው ለሥጋ፣ ሰንጢው ለጾም ምግብ።

ካራ ስትመርጡ ሞረድ አስመጡና ስለቱ ዳር ላይ ትንሽ ሞክሩ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። በቀላሉ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ አንድ ሽንኮራ ሳይጨርስ ይደነዝዛል። ስለቱን በአንድ ዓይን ከእጀታ እስከ ጫፍ እዩት፤ ቀጥ ማለት አለበት። ዋጋ መከራከር ያለ ነው፤ ሙያውን እያናናቁ መከራከር ግን ነውር ነው። አጤ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቆም በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ዛሬም በየገበያው ይሰማል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ማረሻችንንም ማጭዳችንንም የሚሠሩልን እነሱ ናቸው። ለእጃቸው የሚገባውን ክፈሉ።

የት ይሳል? ግራይንደር ያለው ብየዳ ቤት አትውሰዱት። ያ ድንጋይ በደረቁ ሲፈጭ ስስ ስለትን ያግለዋል፤ ዳሩ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። ለካራ ከሆነ ያው ቀጥቃጩ ይሻላል። ለሰንጢ የልኳንዳ ቤት ሰዎችን ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ በቢላ የሚኖሩ ስለሆኑ ጥሩ የሚስለውን ያውቁታል፣ አንዳንዱ ራሱ ይስልላችኋል። መንገድ ላይ ግን የቡና ስኒ ይበቃል። ስኒውን ድፉት። ቂጡ ላይ ያልተለሰነ ሻካራ ቀለበት አለ። ስለቱን ጋደም አድርጋችሁ፣ ወደ 20 ዲግሪ፣ እዚያ ላይ ስባችሁ ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ሌላው ጎን፣ ሳትጫኑ። ከዚያ በቀበቶ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። ቲማቲሙ ሳይጨፈለቅ ከተቆረጠ ተስሏል።

ዘይት ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጎጃም የኑግ አገር ነው፣ እጅ የሚሄደውም ወደ ኑግ ዘይት ነው። እጀታ ለመቀባት ምንም አይልም። ማጠፊያው ውስጥ ግን ሲቆይ እየደረቀ ይጣበቃል፤ አቧራ ይሰበስባል። ለማጠፊያው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ከልብስ ሰፊ ጠይቁ፤ የተረፈውን በደንብ አብሱት፣ ምግብ ይነካልና።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። ሰንጢው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ይጓዝ። ፍተሻ ላይ ሳትጠየቁ «ሰንጢ አለኝ» ብላችሁ አሳዩ። ዘጌ ገዳማት ስትገቡ ውጭ ለሚጠብቅ ሰው ወይም ለጀልባው ባለቤት አስቀምጡ። ጮቄ ላይ አስታና ጅባራ አትቁረጡ፤ ተራራው ከተራቆተ ቆይቷል፣ የቀረውን ለምንጮቹ እንተውለት። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ሰንጢውን ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ በእጅ ከያዛችሁት እዚያው ፍተሻው ላይ ይቀራል።