«አቢሲኒያ» (1906)፦ ከብሮድዌዩ ሙዚቃዊ ኮሜዲ 20 ደቂቃ ለአድዋ በዓል

መጋረጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥቁር አሜሪካውያኑ ኮሜዲያን የበርት ዊልያምስና የጆርጅ ዎከር «አቢሲኒያ» ዳግማዊ ምኒልክን ኒውዮርክ መድረክ ላይ ያወጣ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። ለአድዋ በዓል ከእሱ 20 ደቂቃ ያህል ቆርጠን ለማቅረብ አስበናል፤ 6 ተዋንያንና 1 ፒያኖ አለን። ንጉሡን ያሳዩት በክብር ነው ወይስ ለሳቅ? የትኛው ትዕይንት ለብቻው ይቆማል? ዘፈኖቹንስ ማንን ማስፈቀድ አለብን?

አራት ኪሎ፦
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ትርኢቱ በማጀስቲክ ቲያትር የተከፈተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 ነው። በእኛ የካቲት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ማለት ነው፤ አድዋ 10 ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ሲቀረው! ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ አሜሪካዊው ዲፕሎማት ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የንግድ ውል ከተፈራረመ ገና ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ድርሰቱ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የሮጀርስ፣ ዜማው የዊል ማሪዮን ኩክና የዊልያምስ ነው፤ ሁሉም ጥቁሮች። ሎተሪ የወጣለት ራስተስ ጆንሰን (ዎከር) ወዳጅ ዘመዱን አስከትሎ ሲጓዝ ምኒልክ አገር ይደርሳል። መድረኩ ላይ እውነተኛ ግመሎች ሳይቀሩ ወጥተዋል።

ክብሩን ከአነጋገሩ ታገኙታላችሁ። ከካንሳስ የመጡት መንገደኞች በጊዜው የመድረክ ዘዬ ሲቀልዱ፣ ንጉሡና መኳንንቱ የሚናገሩት በረጋና በተጣራ እንግሊዝኛ ነው። የሚሳቅበት እንግዳው ነው እንጂ ባለአገሩ አይደለም። «አፈ ንጉሥ» የሚል ማዕረግ ያለው ገጸ ባሕርይ ሁሉ አለበት። ወደ አማርኛ ስትመልሱት ይህን ልዩነት ካጠፋችሁ ጨዋታው ይሞታል። ለንጉሡ የቤተ መንግሥት አማርኛ፣ ለእንግዶቹ የመንገድ አማርኛ ስጧቸው።

ከመጋረጃ ጀርባ፦
ለብቻው የሚቆመው የፍርዱ ትዕይንት ነው፤ በ4 ተዋንያን ይሠራል። ጃስሚን ጄንኪንስ (ዊልያምስ) በስርቆት ተከሷል። ጎንግ (ሲመታ ድምፁ ረጅም ጊዜ የሚያስተጋባ የነሐስ ሳህን) 3 ጊዜ ከተመታ እጁ ይቆረጣል፣ 4 ጊዜ ከተመታ ነጻ ይወጣል። ትዕይንቱ ያለው ከ3ኛው ምት በኋላ ባለው ዝምታ ውስጥ ነው፤ ዊልያምስ ቃል ሳይተነፍስ በፊቱ ብቻ የሚጫወትበት ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምቶች መካከል 4 ሰከንድ ያህል እኩል ክፍተት ያዙ፤ ተመልካቹ ልኩን ይለምደዋል። 4ኛውን ግን ወደ 12 ሰከንድ አዘግዩት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተዋናዩ እየጮኸና እየተንፈራገጠ ዝምታውን ሲሞላው ነው። ዓይኑና የሚቆረጠው እጁ ብቻ ይናገሩ። ጎንጉም ሆነ መቺው ከመድረኩ ውጭ ይሁኑ፤ ተመልካቹ መዶሻው ሲነሳ ካየ ጭንቀቱ ያበቃል።

ለመዝጊያ «ኖባዲ» («ማንም») የሚለውን ዘፈን ዝፈኑ። ግጥሙ የሮጀርስ፣ ዜማው የዊልያምስ ነው፤ በ1905 ታተመ፣ ዊልያምስም በ1906 ለኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ቀዳው። ግጥሙ እንደ ንግግር ይባላል፤ ድምፅ የሚጎተተው አዝማቹ ላይ ነው። አሳምረው የሚዘፍኑት ሰዎች ያበላሹታል፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው የደከመው ሰው ይጠፋል። ዊልያምስ ከኮቱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ገጹን ቀስ እያለ ይገልጥ ነበር። እናንተም አድርጉት፤ በስንኞቹ መካከል እጅ ሥራ ያገኛል።

መጋረጃ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዊልያምስ ፊቱን ያጠቁር አልነበር? እሱንስ ምን እናድርግ? በጎንጉ ፋንታስ ነጋሪት ብንመታ?

ከመጋረጃ ጀርባ፦
አዎ፣ የተቃጠለ ቡሽ ይቀባ ነበር። ጥቁር ተዋናይ በነጮች መድረክ እንዲወጣ የሚጠበቅበት የዘመኑ ቀንበር ነው፤ እናንተ ፈጽሞ አትቀቡ። ይልቅ አስተዋዋቂው ከመከፈቱ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳ። ዎከር ራሱ ሳይቀባ ነበር የሚጫወተው።

ነጋሪት ለንጉሡ መግቢያ ያምራል፤ ለፍርዱ ግን አይሆንም። ድምፁ ወዲያው ይሞታል። የጎንጉ ንዝረት ቀስ እያለ ሲከስም ነው ሰው ትንፋሹን የሚይዘው። ጎንግ ካጣችሁ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሻላል።

ኖታ፦
ስለ ፈቃዱ፦ በ1905 እና በ1906 የታተሙት ዘፈኖች በአሜሪካ የማንም ንብረት አይደሉም። የ1906ቱ ሸክላም እንደዚሁ፤ ከ1923 በፊት የወጡ ቅጂዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነጻ ሆነዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለአዲስ ቅንብር ነው፤ የዘመናችን ሙዚቀኛ ያቀናበረው ኖታ የራሱ መብት አለው። ስለዚህ በጊዜው ጎተም አተክስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ካሳተመው የፒያኖና የድምፅ ኖታ ተነሱ። በዘፋኛችሁ የንግግር ድምፅ ልክ የዜማውን ቁልፍ (የድምፁን ከፍታ) ዝቅ አድርጉ፤ ስንኙን እየተነፈሰ መናገር ካልቻለ ገና ከፍ ብሏል።