ጸሐፌ ተውኔት የጤና ተግባቦት ሥራ ላይ ምን ያደርጋል?

ትዕይንት_ሦስት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የተማርኩት ቴአትር ነው፣ የምሠራው የጤና ተግባቦት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ግን ዛፉ አንድ ይመስለኛል። ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የ15 ደቂቃ የሬዲዮ ድራማና በገበያ ቀን የሚታይ አጭር ተውኔት ጻፊ ተብያለሁ። ድርሰቱ የሚያወራ ፖስተር እንዳይሆን ከየት ልጀምር? በውሉ በኩልስ ምን ልጠንቀቅ?

ባለመጋረጃ፦ ከመልእክቱ አትጀምሪ፤ ከሚጣሉት ሰዎች ጀምሪ። ተቅማጥ ላይ ጠቡ የታወቀ ነው፦ ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል የምትል አያትና የጨነቃት ምራት። ከቢሮ የሚመጣልሽ ዐረፍተ ነገር «ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሰውነቱ የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት ኦአርኤስ ሊሰጠው ይገባል» የሚል ነው። (ኦአርኤስ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው።) ይህን ዐረፍተ ነገር የትኛውም ተዋናይ ሕይወት ሊዘራበት አይችልም። እንዲህ ሲሆንስ፦

— ውሃ አትስጪው አልኩሽ እኮ! ይብስበታል።
— እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ እንባ የለውም።

እንባ ማጣት ሰውነት ፈሳሽ እንዳለቀበት ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ምራቷ እንደ ሐኪም አልተናገረችም፤ አድማጩ ግን ምልክቱን ይዞ ሄደ።

ለ15 ደቂቃ 3 ወይም 4 ትዕይንት፣ ቢበዛ 4 ድምፅ፣ አንድ ድርጊት ይበቃል። ርዝመቱን በገጽ አትገምቺ፤ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ በሰዓት ለኪው፣ ለሙዚቃና ለድምፅ ማጀቢያ 2 ደቂቃ ተዪለት።

ገጸ ባሕርያቱን በተመለከተ ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን ድራማ ሰው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዘረጋው ስልት ይጠቅምሻል፦ በጎ አርአያ፣ መጥፎ አርአያ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ የተጻፈው በዚሁ ስልት ነው። ታሪኩን የሚሸከመው የሚዋልለው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ባንቺ ድርሰት የምትዋልለው አያትየዋ ትሁን። ምራቷ ብቻ ብትለወጥ እኮ ቤቱ አይለወጥም። አያትየዋን ክፉ አድርገሽ ከሳልሻት ደግሞ ሊገለበጥብሽ ይችላል። በሕንዱ የቴሌቪዥን ድራማ «ሁም ሎግ» (እ.ኤ.አ. 1984–85) ሁሉን ችላ የምትኖረው እናት ለማስጠንቀቂያ ነበር የተሳለችው፤ ብዙ ተመልካች ግን አርአያዬ ብሎ ያዛት።

ሊትር_መለኪያ፦ ስለ ቃለ ተውኔቱ እስማማለሁ። ገበያ ላይ ግን ከኋላ የቆመው ሰው ቃሉን አይሰማም፤ የሚቀዳው የተዋናይዋን እጅ ነው። ስህተቱም የሚገባው በመድረክ ዕቃ በኩል ነው። ለ1 ሊትር የተዘጋጀ የኦአርኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ዕቃ የሚገዛው ልጅ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ከመጣ፣ ተመልካቹ የተማረው እጥፍ ጨው ያለበትን ነው፤ ይህ ለሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱን መጠን ድርሰቱ ውስጥ ጻፊው፤ ለዕቃ ገዢው አትተዪለት። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ በቀዘነ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ መድረክ ላይ የሚወጣው ስኒ ስንት እንደሚይዝ በሲሪንጅ ለክታችሁ እወቁ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ከኦአርኤስ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ መድኃኒት ነውና ገበያው ላይ አታስገቢው፤ ሌላ ድርጊት ነው፣ ለሌላ ክፍል ይቆይ። ከተውኔቱ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታስረዳው።

ከሁሉ የሚከፋው መጨረሻው ነው። ልጁ አንድ ስኒ ጠጥቶ ተቅማጡ ቀጥ ሲል፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ! ኦአርኤስ የወጣውን ፈሳሽ ይተካል እንጂ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ያንን መጨረሻ ያየች እናት በማግስቱ ልጇ ሲቀዝን «አልሠራም» ብላ ትጥለዋለች። ባለመጋረጃ ያመጣት እንባ እዚህ ትግባ፦ ልጁ አሁንም ይቀዝናል፣ ጡቱንም ይጠባል፣ ሲያለቅስ ግን እንባው ተመልሷል።

ቅድመ ሙከራውን ከ8 እስከ 10 ከሚሆኑ እናቶች ጋር አድርጊው። «ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ገብቶናል ነው የሚሉት። ከረጢትና ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አቅርቢና አንዷ ትበጥብጥ፣ ሌላዋ ታሪኩን ትንገርሽ።

ውል_አንባቢ፦ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ድርሰቱን ኋላ በመጽሐፍ ማሳተም ወይም ለመድረክ ማስፋት ካማረሽ አሁኑኑ በጽሑፍ አስገቢው። ደራሲነትሽ እንዲጠቀስ የሞራል መብት አለሽ፤ ቢሆንም የት እንደሚጠቀስ ውሉ ላይ ይስፈር። ተቀጣሪ ከሆንሽ ማታ የምትጽፊያቸው የግል ተውኔቶች ከሥራ መደብሽ ውጪ መሆናቸውን ማስጻፍ አይጎዳም።

የእርማት ዙር 2 ብለሽ ገድቢ፤ ቴክኒካዊ አስተያየቱንም አንድ ሰው አሰባስቦ ይስጥሽ። አምስት ባለሙያ ለየብቻው ካረመው እያንዳንዱ አንድ መልእክት ይጨምርና ተመልሶ ያው ፖስተር ይሆናል። መጀመሪያ በታሪኩ ንድፍ ላይ ይፈርሙ፣ ቃለ ተውኔቱን ከዚያ በኋላ ጻፊ። ክፍያውም በንድፍ፣ በረቂቅና በጸደቀው ድርሰት ተከፋፍሎ ቢሆን ይሻላል።

ትዕይንት_ሦስት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ የእንባው መጨረሻ ለመድረኩ ገብቶኛል። ሬዲዮ ላይ ግን እንባ አይሰማ! እንዴት ላድርገው?

ባለመጋረጃ፦ ለምራቷ አትስጪው። ልጁ ያለቅሳል፣ አያትየዋ ታነሣዋለች፣ ጉንጩን ስትዳብስ ልቅሶው ብቻ ለ3 ሰከንድ ይሰማ። ከዚያ ቀስ ብላ «እጄ ረጠበ» ትበል። ሙዚቃው እዚያ ላይ ይግባ።